እስኪያዝ ድረስ

«ለቅሶ ቤት ስልክ መጨበጥ! ምን ጉድ ነው እቴ!» አለች ጎረቤቲቱ ታየች፣ ሹክሹክታዋን ድንኳኑ በሙሉ እንዲሰማው አድርጋ።

ሥራነሽ ሰማቻት። የአባቷ የአንሙት ሰልስት ነው፤ እሷ ደግሞ ከእናቷ ከየብርጓል ጎን ተቀምጣ ስልኳን በነጠላዋ ውስጥ ጨብጣለች። ቢያሟት አልፈረደችባቸውም። መርዶው አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲደርሳት የጀመረችውን ሥራ ለባልደረባዋ ለታረቀኝ ትታ ነው ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ሮብ ገበያ የበረረችው። ነገሩ የሚለይለት ዛሬ ነው።

ልጅ ሳለች አባ ሰንጋ የሚሉት በሽታ በሬያቸውን ጣለው። ሥጋው ከሚባክን ብሎ አንሙት ገፈፈው፤ ታላቅ ወንድሟ የሺዋስም አብሮት ገፈፈ። ልጁ በሽታው ተጋብቶበት ሳምንት እንኳ አልቆየም። አንሙት መቃብሩ ላይ ቆሞ «ይህ ነገር እስኪያዝ ሥጋ በአፌ አይዞርም!» ብሎ ማለ። ፋሲካ መጣ፣ ሠርግ መጣ፣ እሱ ሽሮውን በላ። የብርጓልም ሳትምል አብራው ተወች።

ባለፈው ገና ሥራነሽ ሥራዋን አስረዳችው።

«አባዬ፣ ለክትባቱ ከበሽታው አንድ ፕሮቲን ለብቻው ማውጣት አለብን። ግን ከስንቱ ጋር ተደባልቋል መሰለህ! ስለዚህ ጅራት ቀጠልንለት። ኒኬል የሚባል ብረት ባለበት ቱቦ ስናሳልፈው ብረቱ ጅራቱን ለቀም ያደርገዋል። ሌላው ታጥቦ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚያስለቅቅ ውሃ ስንጨምር እሱ ብቻውን ይወርዳል።»

«በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ሲባል ነው የማውቀው» ብሎ ሳቀ አንሙት። «ያንቺው በጅራቱ! በይ እንግዲህ፣ እንዳያመልጥሽ።»

ያመልጣት ነበር። አንዴማ ተሳስታ ብረቱን የሚነቅል ውሃ ጨመረችበትና በብረቱ ሰማያዊ የነበረው ቱቦ ነጥቶ ቁጭ አለ፤ የለፋችበት ሁሉ ከእጣቢው ጋር ሄደ። እያለቀሰች ስትደውልለት «ነገም በሬ ይጠመዳል» አላት።

ነጠላዋ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ።

«ሥራዬ፣ ለቅሶ ላይ መሆንሽን አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ» አለ ታረቀኝ። «ፕሮቲኑ ወረደ! መፈተሻው ላይ የእሱ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ንጹሕ!»

ሥራነሽ እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ በአባቷ ለቅሶ ላይ ሳቀች። ታየች «በስመ አብ!» ብላ አማተበች።

የብርጓል ልጇን አየቻት። «ተያዘ?»

«ክትባቱ ገና ነው እማዬ፣ ብዙ ይቀረዋል። መያዙን ግን ተያዘ!»

የብርጓል ብድግ ብላ ድንኳኑ መሀል እልልታዋን ለቀቀችው። «የአንሙት ቃል ደረሰ! እናንተ ሰዎች፣ የልጄ ገዳይ ተያዘ!» ሰው ሁሉ ግራ ተጋብቶ ተያየ። መሐላውን ግን አገር ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ «ይበል! ይበል!» ሲሉ፣ ያቺ ታየች እንኳ እልልታውን ተቀበለች፤ ያውም ከሁሉ አስበልጣ።

ምሳ ቀረበ፤ የእድሩ ሴቶች የሠሩት የበግ ወጥ ነው። የብርጓል እንደ ልማዷ ሽሮውን ወደ ራሷ ሳበች። ሥራነሽ ከሥጋው ቆንጥራ በእንጀራ ጠቀለለችና እጇን ዘረጋችላት። የብርጓል የአንሙትን ባዶ በርጩማ አየት አደረገች፣ ከዚያም አፏን ከፈተች።