ግማሹን ፋቁ

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሽቦ ይዞራል» አሉ ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ኢንስፔክተር ይመጣሉ። ያልዞረለት ወላጁን ይዞ ይምጣ።»

የሳይንስ መምህራችን ይህን ሽቦ የሚዞርበትን ትንሽ ሞተር አሥራ አንድ ዓመት አሠርተዋል። አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ማግኔትና ቫርኒሽ የተቀባ፣ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። መጽሐፉ «የሽቦውን ጫፍ ቫርኒሽ ግማሹን ፋቁ» ይላል። እሳቸው ርዝመቱን በማስመሪያ ለክተው ግማሹን ዙሪያውን ያስፍቁናል። ሽቦው አንዴ ይነቀነቅና ቀጥ ይላል። ያኔ በትንሿ ጣታቸው ነካ ያደርጉታል፤ እኛም በአንድ ድምፅ «ዞረ!» እንላለን። አምና «አልዞረም» ያለ ልጅ ነበር። እሱ ራሱ ዞሮ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ።

አጠገቤ የምትቀመጠው የሰፈራችን የሞተር ጠምጣሚ ልጅ ምላጯን አስቀምጣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አባዬ ግማሽ ማለት ርዝመቱ አይደለም ይላል። እንደ ሰው ሆድና ጀርባ ነው፤ ጀርባው ይፋቃል፣ ሆዱ ይቀራል።»

መምህሩ ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ የምናውቅ ሁላችን ዴስክ ዴስካችንን አየን።

«አባትሽ ጎበዝ ነው። ነገ እንደ ጓደኞችሽ ‹ዞረ› ካላልሽ፣ መጥቶ መሸኛሽን ይቀበላል።»

«አንቺ፣ ዞረ በይና ተገላገይ» አልኳት በክርኔ ጎሰም አድርጌ።

«ሲዞር እላለኋ!»

አንዱን ጫፍ ዙሪያውን፣ ሌላውን ጀርባ ጀርባውን ብቻ ፋቀች። የሁላችንም ሽቦ አንድ ሳህን ላይ ተሰበሰበ።

በማግስቱ መምህሩ ከሳህኑ አንዱን አንስተው መርፌ ቁልፎቹ ላይ አስቀመጡ፤ ነካ አደረጉት። «ዞረ!» አልን። ርዕሰ መምህሩ አጨበጨቡ። ኢንስፔክተሩም «ዞሯል» ብለው ወረቀታቸው ላይ ምልክት አደረጉ።

«አንቺስ? አፍሽ ተለጉሟል?» አሉ ርዕሰ መምህሩ የጠምጣሚውን ልጅ እያዩ።

«እኔ ሲዞር አላየሁም» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። መሸኛ የሚጽፉበትን ቀዩን ነው።

«አላየሽም?» አሉ መምህሩ። «እንግዲያው ቀረብ ብለሽ እዪ!» እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደው ሳያዩ ሌላ ሽቦ አነሱ፤ አስቀመጡት፤ ትንሿን ጣታቸውን ዘረጉ።

ጣታቸው ሳይደርስ ሽቦው ተነሣ። ዞረ። ደግሞ ዞረ። ትር ትር ትር እያለ፣ ጥላው ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ፈጠነ። የመምህሩ ጣት አየር ላይ ቀረች። አርባ አፍ ተከፍቶ አንድም «ዞረ» ያለ የለም።

ርዕሰ መምህሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ምን ሆኖ ነው የማይቆመው?»