የሌቦቹ ፎልደር

የኮሪደሩ ካሜራ አባቷን ሌባ አለው።

ያለውም በሹክሹክታ አልነበረም። በስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሰፊ ስክሪን፣ ደንበኛውና አለቃዋ ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩ፣ በሽማግሌው ራስ ዙሪያ ቀይ ሳጥን ዘረጋና ከላዩ በጉልህ ፊደል «ሌባ» ብሎ ጻፈ። አባቷ ይህን አላየም። እሱ ከበሩ ማዶ በርከክ ብሎ፣ ቀጭን ሽቦ በጥርሱ ነክሶ፣ የተበላሸውን ቁልፍ እየፈታ ነበር።

ደንበኛው አጨበጨበ።

«ያዘው! እዩት፣ ያዘው እኮ!»

ደንበኛው ባለሱቅ ነው። ከተማው ውስጥ የእሱ ሱቅ የሌለበት ሰፈር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ የመጣው ለሱቆቹ ሁሉ ካሜራ ሊገዛ ነው፤ ከበር የገባውን ሰው አይቶ ማን ገዢ፣ ማን ሠራተኛ፣ ማን ሌባ እንደሆነ የሚለይ ካሜራ። አለቃዋ ይህችን ቀን ሲጠብቅ ከርሟል። ጠዋት ከረባቱን ሲፈታና ሲያስር ነው ያረፈደው።

«ሆን ብለን ያዘጋጀነው እንዳይመስልዎት ጌታዬ» አለ አለቃዋ፣ ደስታው ከአፉ እየቀደመ። «በሩ አልዘጋ ብሎን ቁልፍ ሠሪ አስጠርተን ነው። ማሽኑ ግን ያየውን አየ። ጎንበስ ብሎ ቁልፍ የሚጎረጉር ሰው።»

«ምስኪን! ሊሠራ መጥቶ ተያዘ!» ባለሱቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ልጅቷ ጠረጴዛው ዳር ላፕቶፗን ይዛ ተቀምጣለች። በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው አባቷ እንደሆነ ከሁለቱ አንዳቸውም አያውቁም።

ቢሮው ውስጥ «ችኩሌ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ አባቷ ቢሰማ ግን ከእነሱ በፊት እኔ አውጥቼላት ነበር ብሎ ይከራከራል። ቀኗ ሳይደርስ የተወለደች፣ ሾርባ ሳይበርድ የምትጠጣ፣ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልስ የምትሰጥ ልጅ ናት። የስብሰባ ክፍሉ በር ወንበር ካልተደገፈበት አልዘጋ ካለ ሰንብቷል። ትናንት አለቃዋ «ደንበኛ ፊት በወንበር በር ልንዘጋ ነው?» ብሎ ሲነጫነጭ፣ «አንድ የማውቀው ቁልፍ ሠሪ አለ» አለችና ደወለች። አባቴ ነው አላለችም። የምታፍርበት ነገር ኖሮ አይደለም፤ ማብራራት ስለሚሰለቻት ነው። አባቷም መጥቶ ደንበኛው ቀድሞት መግባቱን ሲያይ ነገሩ ገባው። «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ለሁሉም እኩል ሰላምታ ሰጠና ለእሷ ብቻ አንድ ዐይኑን ጠቀሳት።

ባለሱቁ ጨዋታው ጥሞታል። ገርበብ ባለው በር በኩል ተጣራ።

«አባት! እስቲ ያንን ዕቃ አስቀምጡትና ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይበሉልኝ።»

አባቷ ሽቦውን ከጥርሱ አወጣ። «ልትድሩኝ ነው እንዴ? ሽበቱን አይታችሁታል?»

«ግድ የለም፣ ለካሜራ ነው።»

«ለካሜራማ ማን ይቀድመኛል» አለና ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ካቻቪቴውን ከቦርሳው ላይ አጋደመ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ። እንደ ሙሽራ ደረቱን ነፍቶ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ። ጎንበስ አላለም። እጁ ባዶ ነው። ቀዩ ሳጥን ግን እግር በእግር እየተከተለው ሄደ፣ እየተከተለው ተመለሰ። ሌባ። ሌባ። ሌባ።

«አንድ ጊዜ እኔ ልሂድ» አለ ባለሱቁ። ወጥቶ ተራመደ። አረንጓዴ፤ «ገዢ»። አለቃዋም ወጣ። አረንጓዴ። «አባት፣ እስቲ እርስዎ ይድገሙ።» ቀይ።

ባለሱቁ ሲመለስ አይስቅም ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጠረጴዛው ላይ የተወውን ስልኩን አነሣና፣ ምንም እንዳላሰበበት ሰው፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ልጅቷን የመታት ይህ ነው። ቀዩን ሳጥን እንደ ማሽን ስህተት ልታየው ትችል ነበር፤ የማሽን ስህተት ይታረማል። ስልኩን ኪስ ውስጥ የከተተችው የሰውዬው እጅ ግን አባቷን ጠርጥራ ነው።

ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበችና ፎልደሩን ከፈተች።

ሥራው እንዲህ ነው። ማሽን ሌባ እንዲያውቅ ሌባ ማየት አለበት፤ ብዙ ሌባ። ብዙ ሌባ ደግሞ በእግር ተኪዶ አይሰበሰብም። ለዚህ የሚሆን አንድ የዌብ አገልግሎት አለ። ቃል ይሰጡታል፣ ምን ያህል እንደሚፈልጉ ይነግሩታል፤ ኢንተርኔት ላይ ለዚያ ቃል የሚወጣውን ምስል ሁሉ ጠራርጎ አንድ ፎልደር ውስጥ ያራግፈዋል። ችኩሌ «ሌባ» ብላ ጻፈች፣ «ቤት ሰርሳሪ» ብላ ጻፈች፣ «ሌባ በር ሲከፍት» ብላ ጻፈች። ከዚያ ምሳ ወጣች። ስትመለስ ፎልደሩ ሞልቶ ጠበቃት። ከላይ ያሉትን ጥቂት ምስሎች አየች፤ ጭምብል ያጠለቀ፣ መስኮት የዘለለ፣ የሚሮጥ። ጥሩ ነው አለች። ሌላውን አላየችም። በዚያ ቢሮ ምስል አንድ በአንድ የሚያይ ሰው ይሳቅበታል፤ «አልበም እያገላበጥክ ነው?» ይሉታል።

የሚደጋገሙ ምስሎችን የሚያስወግድ ፕሮግራምም ነበራቸው። ስታስነሣው ፎልደሩ ሟሽሾ ሟሽሾ ከግማሽ በታች ሆነ። ባለሱቁ የጠየቀው ግን በብዙ ምስል የሠለጠነ ማሽን ነው። አስቆመችውና የወጣውን ሁሉ መለሰች። አንዱን ሌባ ደጋግሞ ቢያየው ምን ይጎዳዋል፣ ይበልጥ ያውቀዋል እንጂ ብላ ነበር።

አሁን ወደ ታች አወረደችው። ጭምብል፤ መስኮት፤ ሯጭ። ከዚያ አባቷ።

በሩ ላይ ጎንበስ ብሏል፣ እጁ ላይ ሽቦ አለ፣ ሰው እንዳያየው እንደፈራ አንገቱን አዙሮ በትከሻው ላይ ይመለከታል። ፎቶውን ታውቀዋለች። እንዴት አታውቀው? የአባቷ ቁልፍ መሥሪያ ሱቅ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ ስንቴ አቧራውን ጠርጋለታለች። ከዓመታት በፊት አንድ ጋዜጠኛ «ቤትዎን ከሌባ ለመጠበቅ» የሚል ጽሑፍ ሊሠራ መጥቶ፣ አባቷን ስለ ጥሩ ቁልፍና ስለ መጥፎ ቁልፍ ሲያስወራው ዋለ። በመጨረሻ «እስቲ እንደ ሌባ ይሁኑልኝ» አለው። አባቷ ሆነለት። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ እየሳቀ ነበር።

ወደ ታች አወረደች። አባቷ። ጠርዙ ተቆርጦ ፊቱ ብቻ የቀረ አባቷ። ቀኙ ወደ ግራ የተገለበጠ አባቷ። በግንባሩ ላይ «ተጠንቀቁ!» የተጻፈበት አባቷ። ስለ ስርቆት የጻፈ ሁሉ ፎቶ ሲቸግረው እሱን እየወሰደ ለጥፏል፤ አገልግሎቱ ደግሞ ከየተለጠፈበት አንድ በአንድ ለቅሞ አምጥቶላታል። ጣቷ ማውረዱን አላቆመም። አያልቅም። ማሽኑ ሌባ ማለት ምን እንደሚመስል የተማረው ከአባቷ ነው።

አለቃዋ በትከሻዋ በኩል አዘንብሎ አየ። ነገሩ ወዲያው ገባው።

«አጥፊው» አለ በጆሮዋ። «እሱን ብቻ አጥፊና ዝጊው። ሌላው ሰላም ነው።»

«ሌላውን አይተኸዋል?»

«ችኩሌ፣ አሁን ጊዜው አይደለም።»

ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ምስሎቹን የሰበሰበችው እሷ ናት ብለኸኛል።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺው ንገሪኝ እህቴ። ማሽኑ ቀይ ካለ፣ ሰውዬው ሌባ ነው ብዬ ላስይዘው እችላለሁ? ካሜራው በዚህ ሳምንት ነው የሚገጠመው። እችላለሁ በይኝና ልፈርም።»

ከሱቆቹ አንዱ ከአባቷ ሱቅ አጠገብ ነው። አባቷ ዳቦና ወተት የሚገዛው ከዚያ ነው፤ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ሲቀልድ ሰልፍ ያስረዝማል። ችኩሌ በሕይወቷ መልስ አጥታ አታውቅም። አሁን ግን ጣቷ እንደገና ምስሎቹን ማውረድ ጀመረ። አለቃዋ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረጋት። ይህ ሥራ ከተሳካ የክፍሉ ኃላፊ እንደምትሆን ቃል ገብቶላታል፤ ካልተሳካ ክፍሉ ራሱ እንደማይኖርም ነግሯታል።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ።

«አለቀ!» አለ አባቷ፣ ካቻቪቴውን እንደያዘ ገብቶ። «የቁልፉ ምላስ ነው የዛገው፣ በሩስ ምንም አልሆነም። እስቲ ዝጉት፣ ክፈቱት፣ እንደፈለጋችሁ...»

ዐይኑ ላፕቶፑ ላይ አረፈ። ፊቱ በራ።

«ውይ! ይቺ የኔ ፎቶ አይደለችም?» ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቀረብ አለ። «እናንተም ዘንድ አለች? ሱቄ ግድግዳ ላይ እኮ ናት! ጋዜጠኛ ነው ያነሣኝ፣ እዩልኝ ጉልበቴ ያኔ እንዴት እንደሚታጠፍ!» ወደ ልጅቷ አየ፤ አባቷ መሆኑን እየደበቀ እንደነበር ረስቶታል። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ሌላኛዋን ፎቶውን አየ፣ ከሥሯ ያለችውን አየ፣ የተገለበጠችውን አየ። ከዚያ ዐይኑ ከምስሎቹ በላይ ወዳለው የፎልደሩ ስም ወጣ። አጭር ስም ነው፤ ሁለት ፊደል። እሱ ግን ረጅም ጊዜ አነበበው።

ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ስክሪን ዞረ። ባዶው ኮሪደር ይታያል፤ የዕቃ ቦርሳው ብቻ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ቅድም ስታመላልሱኝ» አለ፣ «ይኼ ነው ያለኝ?»

«አባት፣ የማሽን ነገር ነው፣ ልብ አይበሉት» አለ አለቃዋ።

«ልጄን ነው የጠየቅኩት።»

አለቃዋ ልጅቷን አየ። ባለሱቁም አየ።

«አዎ አባዬ» አለች። «እኔ ነኝ የሰበሰብኩት። ሳላይ ነው።»

አባቷ መነጽሩን አወለቀ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ውስጥ ለመክተት ሲሞክር ኪሱን ሳተው፤ ደግሞ ሞከረ። አልተቆጣም።

«በሩ ተሠርቷል» አለ ለአለቃዋ። «ከእንግዲህ ወንበሩን አንሡት።»

ወጣ። በስክሪኑ ላይ ሦስቱም አዩት፤ ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን አነሣ፣ ቀዩ ሳጥን ከላዩ ተዘረጋ። ያኔ አባቷ፣ ፀሐይ እንኳ ሲመታው ባርኔጣውን ከግንባሩ ዝቅ የማያደርገው ሰው፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ሳበና ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሄደ።

ልጅቷ ተነሣች። የስክሪኑን ገመድ ከካሜራው ኮምፒውተር ነቀለችና ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። ግድግዳው በአንዴ ሞላ። ጎንበስ ያለ፣ የዞረ፣ የተቆረጠ፣ የተገለበጠ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አባቷ፤ በመካከሉ ደግሞ አንዲት የማታውቃት ሴት፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያቀፈች፤ አንድ ወጣት፣ እጁን ፊቱ ላይ የጋረደ።

«ጠይቀውኝ ነበር» አለች ባለሱቁን። «አይችሉም። ያንን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ ሌባ አይደለም። ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ ግን አላውቅም። ያየኋቸው ዛሬ ነው፤ ከእርስዎ ጋር።»

«ችኩሌ፣ ተቀመጪ» አለ አለቃዋ። ድምፁ ተሰብሯል። «እባክሽ። አንድ ደቂቃ ብቻ ተቀመጪ።»

ባለሱቁ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ፤ ስልኩን አወጣና፣ ዐይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል፣ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አኖረው። ውሉ ላይ የተቀመጠውን እስክሪብቶ ግን አላነሣም፤ አልገፋውምም።

አባቷ የረሳው ካቻቪቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነሣችው፤ እጀታው ገና ሙቀት አለው። ወደ በሩ ሄደች፣ አጠገቡ የቆመውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገች፣ ወጣች፣ በሩንም ከኋላዋ ሳበችው። በሩ ያለ ወንበር ተዘጋ።