የሐጂ ሹክሪ ኮምፒውተር

ፖርት ሳይድ ውስጥ በመርከብ ወኪሉ በሐጂ ሹክሪ ቢሮ ኔትወርኩ መንፏቀቅ ከጀመረ ሰንብቷል። ዛሬ ደግሞ የጭነቱ ሰነድ ከጁምዓ ሶላት በፊት ወደብ ካልደረሰ የመርከባቸው ተራ ለሌላ ይሰጣል።

ባለሙያዋ ራውያ አልተጣደፈችም። ዋይፋዩን አለፈችው፤ እሱ ድሮም በየተራ ነው የሚያወራው። ፋይበሩ በሁለቱም ጫፍ እየተናገረ ያዳምጣል፤ ደህና ነው። የቀረው ከሐጂ ኮምፒውተር ወደ ኔትወርክ ማከፋፈያው ሳጥን የሚሄደው ተራ ገመድ ነው።

«ሐጂ፣ የዚህን ገመድ ቅንብር ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ! ‹አውቶማቲክ› ይላል። በእኔ ቢሮ በራሱ የሚወስን ነገር የለም። እየተናገርክ ስማ ብዬ ቆለፍኩት።»

«ማከፋፈያው ‹እንዴት እናውራ?› ብሎ ጠይቆ መልስ ሲያጣ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም የሚልበትን መረጠ። አሁን በወሬው መሃል እየገቡበት ነው።»

«እኔ?»

«ኮምፒውተርዎ፣ ሐጂ።»

ጸሐፊዋ ሳቋን ለማፈን ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ማከፋፈያውንም እዘዢዋ!»

«አላዘውም። ይነጋገሩ።»

ራውያ የሐጂን ጫፍ ወደ አውቶማቲክ መለሰችው። ሰነዱ አዛን ሳይሰማ ወደብ ገባ።

ሐጂ ኮምፒውተሩን በቅሬታ አዩት።

«ያለ እኔ ተስማሙ?»