ከኋላ የሚይዘው ሰውዬ

1.

«ያዛት!»

ይመር አልያዛትም።

«አንተ ሰውዬ፣ እጇን ያዛት እያልኩህ ነው!»

ይመር ወደ ቀበሌው አዳራሽ የመጣው አሥራ ሁለት ፍራሽ ሊያስረክብ ነበር። ፍራሾቹን መሬት ላይ አነጣጥፎ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ሊወጣ ሲል ነው ሳጅን አስካለ ከእግር እስከ ራሱ የቃኙት። ጡረታ የወጡ የፖሊስ አሰልጣኝ ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የክር ፋብሪካ ሴቶችን ባዶ እጃቸውን ራሳቸውን እንዲከላከሉ ያስተምራሉ።

«በቃ፣ አጥቂ አገኘን» አሉ።


2.

ይመር ይማም ማን ነው?

ፍራሽ ሰፊ። ኮምቦልቻ። ዕድሜ አርባ ስምንት። ቁመት፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚያስብል። የትከሻው ስፋት ከቁመቱ አያንስም።

ሰው ድንገት አይቶት እንዳይደነግጥ ስለሚሰጋ፣ ከፊቱ ሴት ወይ ሕፃን ሲሄድ ካየ ከሩቁ ይስላል። እህህ ይላል፣ መጣሁ ለማለት። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ሚስቱ ዘምዘም ጮኾ የሰማችው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ጣቱን መርፌ ወግቶት።

አጥቂ ተብሎ የተመረጠው ይህ ሰው ነው።


3.

(ከሉባባ ደብተር የተገለበጠ። ሉባባ ማን እንደሆነች ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።)

መልመጃ 1። አንጓሽን ሲይዝሽ
ወደ ኋላ አትጎትቺ። ጉተታ ከሆነ ጉልበተኛው እሱ ነው። እጅሽን አውራ ጣቱ ወዳለበት በኩል ጠምዝዢ፤ የሚላላው በዚያ ነው። ባመለጠው እጅሽ መዳፍ አገጩን ከታች ወደ ላይ ግጪ። ሩጪ።

ጋሽ ይመር ወደቁ። ፍራሹ ጥሩ ነው።


4.

መውደቅ።

ወደደው። ራሱም ገረመው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው እንዳይጎዳበት እጁን ሰብስቦ፣ ትከሻውን አጥብቦ ነው የኖረው። እዚህ ግን ከደረቱ የማታልፍ ሴት ጠምዝዛ ስትጥለው አዳራሹ በጭብጨባ ይደምቃል። እሱም ጣሪያውን እያየ ትንሽ ይጋደማል። ሰው ወድቆም ይጨበጨብለታል እንዴ?

ቤቱ ሲገባ ዘምዘም በር ላይ ትጠብቀዋለች።

«ዛሬስ ማን ጣለህ?»

«የሦስት ልጆች እናት። ቀጭን ናት።»

«እሰይ! ቀኝ እጇን አላህ ይባርክልኝ።»

እሱም ይስቃል፤ ጀርባውን በቅባት ታሽለታለች፤ እንቅልፉም ጣፋጭ ይሆናል።


5.

አሁን ሉባባ።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ክር ፈታይ ናት። ከሥልጠናው አንድ ቀን አልቀረችም፤ አንድ ቀንም ፍራሽ ላይ አልወጣችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የሳጅንን ቃል አንድ በአንድ ትጽፋለች። ነይ ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች።

ጥር ላይ፣ ለንጋት ፈረቃ በወንዙ ዳር ስትሄድ፣ አንድ ሰው ከኋላ አንገቷን አነቃት።

ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ ነግራኛለች። የቀረውን ቦታ ለእሷ ትቼዋለሁ።




የባጃጅ መብራት ብቅ ሲል ሰውየው ለቋት ሮጠ። እስከ ዛሬ አልተያዘም። እሷም ከሌላ ሠራተኛ ጋር ተቀያይራ የቀን ፈረቃ ገባች።


6.

(ግንቦት አጋማሽ፣ የይመር ሱቅ። ይመር ጥጥ እየነደፈ ነው።)

ሉባባ፦ ጋሽ ይመር፣ ሥራ አስፈታሁዎት?

ይመር፦ ኧረ ግቢ። ጥጡ ላይ አትቀመጪ እንጂ፣ ልብስሽ ላይ ይጣበቃል።

ሉባባ፦ ከጥጥ ጋር አይደል የምውለው?

ይመር፦ እሱስ እውነትሽን ነው።

ሉባባ፦ ከሰኔ አንድ ጀምሮ ወደ ንጋት ፈረቃ እመለሳለሁ። የቀየረችኝ ልጅ ወሊድ ልትወጣ ነው።

ይመር፦ እሺ።

ሉባባ፦ እናቴ ሥራው ይቅርብሽ ትለኛለች።

ይመር፦ አንቺስ?

ሉባባ፦ እኔ ሥራዬን እወደዋለሁ። ክር ሲበጠስ እንደ እኔ ቶሎ የሚቀጥል የለም። የመስመሩ አለቃ ራሱ መስክሯል።

ይመር፦ ታዲያ?

(ይመር መንደፊያውን አስቀመጠ።)

ሉባባ፦ እንዲይዙኝ ፈልጌ ነው። እንደዚያ ሰውዬ። ከኋላ።


7.

ማክሰኞ ዕለት ሞከሩት።

ሳጅን አስካለ አስቀድመው ሕግ አወጡ፦ ሉባባ «በቃ» ካለች ይመር ያንኑ ቅጽበት ይለቃል። ሌሎቹ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ይመር ከኋላዋ መጣ። ሳለ። ክንዱን ነጠላ እንደሚያለብስ ሰው ቀስ አድርጎ አንገቷ ላይ አዞረ።

ሉባባ ደረቀች። እጆቿ ተንጠለጠሉ። «በቃ» እንኳን አላለች። ትንፋሿ ሲቆም በክንዱ ተሰማውና ለቀቃት።

«ማን ልቀቃት አለህ?» አሉ ሳጅን።

«ትንፋሿ ቆመ እኮ!»

«የመንገዱ ሰውዬ ትንፋሿን ያዳምጣል?»

«እኔ የመንገዱ ሰውዬ አይደለሁም!»

ጮኸ። ይመር ጮኸ። ጣሪያው ላይ የነበሩ እርግቦች እንኳን ተነሡ። ፍራሹ ላይ የተቀመጠችው ሉባባ በቀስታ ተናገረች።

«ጋሽ ይመር፣ ሳልዎ ነው።»

«ምን?»

«ሲስሉ እንደሚይዙኝ አውቃለሁ። ስጠብቅ ነው የምደርቀው። ሳይነግሩኝ ይያዙኝ።»


8.

እምቢ አለ።

ሐሙስ እምቢ። ማክሰኞም እምቢ። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ጣሉት፤ እሷ ከአግዳሚው አየችው። ግንቦት እያለቀ ነበር።

በዚህ መሀል ቁርሱን ትቶ ሲቆዝም ዘምዘም አላስችል አላት።

«ምንድን ነው የምትፈራው?»

«ብትጎዳብኝስ? ከዚያ ወዲያ ባየችኝ ቁጥር ብትደነግጥስ? ብትጠላኝስ?»

«ትጥላህ።»

«ዘምዘም!»

«ጠልታህ ሥራዋ ብትሄድ ይሻላል ወይስ ወዳህ ቤቷ ብትቀር?»

ይመር ቁርሱን ጨርሶ ተነሣ።


9.

ግንቦት ያለቀበት ሳምንት፣ ሐሙስ። ሥልጠናው ተጠናቋል። ሴቶቹ ጫማቸውን እያጠለቁ ነው። ሉባባ ጀርባዋን ሰጥታ የመጨረሻውን ፍራሽ ቁልቁል እያራገፈች ነው።

ይመር ሳጅንን አያቸው። ሳጅን ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ።

ጫማውን አወለቀ። አንድ እርምጃ። ሁለት። ሳሉ እየተናነቀው ጉሮሮው ድረስ ወጣ፤ ዋጠው።

ያዛት።

አሁን አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ዓይን ተከድኖ እስኪከፈት ስላለቀ፣ አዘግይቼ ላሳይሽ። ይህ ሉባባ በኋላ በደብተሯ ያሰፈረችው ነው።

መልመጃ 9። ከኋላ አንገትሽን ሲያንቅ
መጀመሪያ አየር። አገጭሽን ወደ ክንዱ መታጠፊያ አዙረሽ ቅበሪው።
ክብደትሽን ልቀቂው፤ ይሸከምሽ።
በተረከዝሽ የእግሩን ጣቶች ርገጪ።
በክርንሽ ጎኑን። አንዴ ብቻ አይደለም።
ክንዱ ሲላላ ትንሿን ጣቱን ፈልጊ። ወደ ኋላ ስበሪያት።
ዙሪ። በመዳፍሽ አገጩን።
ሩጪ።

ሁሉንም አደረገችው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የራሷ ነበር። ከርገጣው በፊት ክርኗ መጣ፤ ከክርኗ በፊት ጩኸቷ።

ቀጭ።

ያ ጣቱ ነው።

በሩጪው ፈንታ ደግሞ ቆመች። ይመር ፍራሹ ላይ ተዘርግቶ፣ እሷ ከበላዩ ቆማ፣ ሁለት እጇን ጨብጣ፣ «ሁለተኛ እንዳትነካኝ! ሁለተኛ!» ትላለች። እሱን እንዳልሆነ ሁላቸውም ያውቁታል።


10.

«ሰበረችኝ!»

ይመር ነው። እንደ ምሥራች ነው የሚናገረው።

«ሳጅን፣ ሰበረችኝ እኮ! አዩ?»

ሉባባ ያን ጊዜ ነቃች። ጎንበስ ብላ ጣቱን አየችና አፏን በእጇ ከደነች። «ውይ ጋሽ ይመር! ውይ እኔን!» ማልቀስ ጀመረች። እሱ ግን ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፤ ሲስቅ ጎኑ ያመዋል፤ ሲያመው ይጮኻል፤ ጮኾ መልሶ ይስቃል። ለቅሶዋ መሀል ላይ ሳቅ ገባበት። ሴቶቹ ጫማቸውን በአንድ እግር እንዳጠለቁ መጥተው አቀፏት።

ሳጅን አስካለ መሃረባቸውን አውጥተው ላብ ነው አሉ።*

ጤና ጣቢያ ጣቱን ከጎረቤት ጣቱ ጋር አስተሳስረው አሸጉለት። ለሦስት ሳምንት መርፌ አትያዝ ተባለ። ዘምዘም በእሱ ፈንታ ስትሰፋ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ክር አቀበላት። ስፌትሽ ይጠማማል ብሎ ደህናውን እጁን እስክትቆነጥጠው ድረስ ጥሩ ጊዜ አሳለፉ።

* ላብ አልነበረም።


11.

ሰኔ ሲብት ይመር ልሸኝሽ አላት።

«አይሆንም» አለች ሉባባ። «ብቻዬን ካልሄድኩ ምኑን ሄድኩት?»

«እንግዲያው ስትደርሺ አሳውቂኝ።»

ሰኔ 1፣ ንጋት 11፡52። ደረስኩ።

ሰኔ 2፣ 11፡49። ደረስኩ።

ሰኔ 3፣ 11፡55። ዝናብ ነበር። ደረስኩ።

ሰኔ 4፣ 11፡50። የሆነ ሰው ከኋላዬ ነበር። ዞሬ ቆሜ አየሁት። እንጀራ ሊጋግሩ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው። አሳቁኝ። ደረስኩ።

እንዲህ እያለ እስከ ሰኔ አሥራ ስምንት።

ሰኔ 19፣


12.

ምንም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። አሥራ ሁለት ከሩብ። ይመር ደወለ፤ አይነሣም። እንደገና ደወለ። ጫማውን በባዶ እግሩ አጠለቀና በወንዙ ዳር ቁልቁል ወረደ። ጭቃውን አየ፣ ቁጥቋጦውን አየ፣ የሚያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። ስለ መሳል አላሰበም፤ ሰው ዞር ይልለት ነበር።

ፋብሪካው በር ደረሰ። ጥበቃው አወቀው።

«ሉባባ? ገብታለች እኮ። ቀድማ ነው የገባችው።»

ይመር አጥሩን ያዘ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።


13.

(በዚያው ዕለት፣ አራት ሰዓት፣ የሻይ እረፍት። በስልክ።)

ሉባባ፦ ጋሽ ይመር! ዘጠኝ ጊዜ ደውለዋል! ምን ሆኑ?

ይመር፦ እኔማ ምንም። አንቺ ነሽ እንጂ። መልእክት አልላክሽም።

ሉባባ፦ ውይ በሞትኩት!

ይመር፦ ሰው አገኘሽ? የሆነ ነገር አለ?

ሉባባ፦ ኧረ ምንም የለም። ለእህቴ ሠርግ ምን ዓይነት ቀሚስ ላሰፋ እያልኩ ስሄድ፣ ቀና ስል በሩ ጋ ነኝ። ረሳሁት።

ይመር፦ መላኩን?

ሉባባ፦ መላኩንም። መንገዱንም። ያንን ሰውዬም። ምንም ትዝ አላለኝም፣ ጋሽ ይመር። ዛሬ መንገድ ብቻ ነበር።

(ይመር በታሸገው እጁ ዓይኑን ጠረገ።)

ሉባባ፦ ጋሽ ይመር? ተቆጡኝ እንዴ?

ይመር፦ እንኳን ረሳሽው።