ለአባባ ጆሮ የሚበቃ ኮምፒውተር

ልጅ ሳለች ከመጋረጃ ጀርባ ተኝታ የሰማችው የአባቷና የእናቷ ወግ ዛሬ ግማሹ ጠፍቶባታል። «ልጆቹ እንዳያውቁ» ያለው ማን እንደነበር እንኳ እርግጠኛ አይደለችም። «አፋቸውን እያየሁ እደርስበታለሁ» ያሉት ግን አባቷ ነበሩ። ያኔ ነገሩ አልገባትም። አባቷ የወፍጮ ቤት ሰው ስለነበሩ፣ ጮኸው ማውራታቸው የሥራቸው ጠባይ ይመስላት ነበር።

አድጋ የሰው የመስማት አቅም የምትመረምር ጆሮ ለኪ ሆነች። የምትሠራው ባሏ መነጽር ከሚሸጥበት ሱቅ ጓዳ ነው። «ፊት ለፊት ዓይን፣ ጓዳ ጆሮ፤ አፍንጫ ብቻ ቀረን» እያለ ባሏ ደንበኛ ያስቃል።

ዛሬ ግን እሷን የሚያስቃት አልተገኘም። አባቷ ለመስማት ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት አሮጌ ማዳመጫ ከተበላሸ ሰንብቷል። አዲሱ መጥቶ መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል፤ ግን በኮምፒውተር ለጆሯቸው ካልተስተካከለ ከጌጥ አያልፍም። የማስተካከያው ፕሮግራም ደግሞ አዲሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ካላገኘሁ አልነሳም ብሎ ድርቅ አለ።

ይህ ዱብ ዕዳ የሆነባት በራሷ ጥንቃቄ ነው። አንድ ጊዜ ስትለካው የነበረ ሰውዬ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን ሲያነሳ ውሎ፣ ጆሮህ ደህና ነው ብላ ሸኘችው። ለካስ ሲሰማ የነበረው ከጆሮ ማዳመጫው የሚመጣውን ሳይሆን፣ መልእክት በመጣ ቁጥር ቲንግ የሚለውን የኮምፒውተሩን ድምፅ ኖሯል። ሚስቱ ክንዱን ይዛ መለሰችውና፣ «ይሄ ጤነኛ ነው ካልሽ አንቺው ይዘሽው ኑሪ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተሩን ድምፅ ዘጋች፣ የኢንተርኔት ገመዱንም ነቀለች። ሲስተሙ ማርጀቱን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ወደ እሷ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

አባቷ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከሱቁ መስታወት ፊት ተቀምጠዋል። እሷ ኮምፒውተሩ አዲሱን ሲስተም ይችል እንደሆነ የሚመረምረውን ፕሮግራም በፍላሽ አምጥታ ከፈተችው። እግሯ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለ። ሚሞሪው ይበቃል፤ የማስቀመጫ ቦታውም ይበቃል። የደኅንነት ቺፑ ግን አልተገኘም አላት። ለኮምፒውተር ጠጋኙ ደወለች። ቺፑ ሳይኖር አይቀርም፣ ተዘግቶ ይሆናል ብሎ፣ አጥፍታ ስታበራው የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫን ነገራት። አንዴ ቸኩላ ቀደመች፣ አንዴ ዘገየች፤ በሦስተኛው ገባችና ከፈተችው። እፎይ ብላ እንደገና አስመረመረች። አሁን ቺፑ አለፈ፤ ፕሮሰሰሩ ወደቀ። ይህን የሚከፍት ቁልፍ እንደሌለ ጠጋኙም አልደበቃትም።

ብድግ ብላ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣች። ባሏ ባንኮኒው ላይ ባለው ኮምፒውተር ካርታ ይጫወታል።

«ተነሣ» አለችው።

ላሸንፍ ትንሽ ነው የቀረኝ ቢላትም ፊቷን አየና ተነሣ። ፍላሹን ሰካች። ቆማ፣ ጥፍሯን እየበላች፣ አንዱ መስመር ከሌላው ሥር አረንጓዴ ሲሆን አየች። ሁሉም አለፈ።

ባሏ የደንበኞቼ የመነጽር ልክ ቢጠፋስ ብሎ አንገራገረ። ሁሉንም በፍላሽ ገልብጣ አስቀመጠችለት፤ ካርታው ግን ቢጠፋ እንደማታዝን ነገረችው። አዲሱ ሲስተም መጫን ጀመረ። እስከ መቶ የሚቆጥረው ቁጥር አንድ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ሁለት ላይ ደርሶ ደግሞ ቆመ። እሷ ከባንኮኒው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ባንኮኒው ትመላለሳለች።

ይሄኔ አባቷ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

«ተይው ልጄ» አሉ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪዞር ድረስ ጮኸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ወፍጮ ሲጮህብኝ ኖሬያለሁ። አሁን እግዜር ጸጥታ ሰጠኝ። ምን ጎደለኝ?»

የፈራችው ይህንኑ ነበር። ከሰው ድምፅ የራቀ ሰው መራቁን ይለምደዋል፤ በሥራዋ አይታለች። ማዕድ ባራኪው እሳቸው ነበሩ። ማዳመጫው ከተበላሸ በኋላ ለአማቻቸው ተዉለት። አንድ ማታ ጸሎቱ ሳያልቅ መሀል ላይ አሜን አሉ፤ ልጆቿ አፋቸውን አፍነው ሳቁ። አባቷ ሳቁን ባይሰሙም የልጆቹ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይተዋል። ከማግሥቱ ጀምሮ ቀደም ብዬ በልቻለሁ እያሉ ከክፍላቸው አይወጡም።

ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ ሳትጮህ፣ ቃሉን እያዘገመች ተናገረች።

«አባባ፣ ማዕዱን የሚባርክልን አጣን።»

«ባልሽስ?»

«እሱ ቶሎ ለመብላት ያሳጥረዋል።»

«እየሰማሁ ነው» አለ ባሏ ከባንኮኒው።

አባቷ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው ግን አልተቀመጡም። ጠርዙን በጣታቸው አዞሩ።

«ልጆቹ ይስቁብኛል» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ወጣ።

«ሲስቁ ይሰሟቸዋላ። ያኔ ይቆጧቸዋል።»

አባቷ አፏን ትክ ብለው አዩ፤ ያለችውን ደግማ እንድትናገር በእጃቸው ምልክት ሰጧት። ደገመችላቸው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው ቁጥሩን ተመለከቱ፤ ገና ዘጠኝ ነው።

«ዛሬ ያልቃል?»

«እግዚአብሔር ካለ።»

ወንበሩን ወደ ባንኮኒው አስጠግተው ተቀመጡ።

«እንግዲያ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፤ ማታም ማዕድ እቀርባለሁ» አሉ። «አንቺ ግን ቁጭ በይ፤ ራሴን አዞርሽው።»