ቀለል ያለው የበጋ ፕሮግራም

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ አንድ ትልቅ ነጭ ካርቶን እገዛለሁ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ባለቀለም እስክሪብቶዎቼን ደርድሬ፣ የበጋውን ፕሮግራም አወጣለሁ። በየዓመቱም ከላይ በትልቁ «ቀለል ያለ ትምህርት» ብዬ እጽፋለሁ። ባሌ ድዋይት ከኋላዬ ቆሞ ያነብና ከባዱስ ምን ሊመስል ነው ይለኛል። እኔም ሂድና ቧንቧህን ጠግን እለዋለሁ። ሥራው የቧንቧ ጥገና ስለሆነ ስድብ አይሆንበትም።

ልጆቻችንን ቤት ነው የምናስተምረው። ሦስት ናቸው፦ ታድ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሃቲ ዘጠኝ ተኩል፣ አሞስ አምስት። ኦሃዮ ውስጥ እኛ ባለንበት ገጠር እንደኛ ያለ ቤተሰብ ሞልቷል፤ ሁላችንም ደግሞ አንድ ዓይነት በሽታ አለብን። የትምህርት ቤት ልጅ ደወል ሲደወል ይገላገላል፤ የኛ ቤት ደወል የለውም። ዳቦ ስንጋግር ኬሚስትሪ ነው፣ ገበያ ስንወጣ ሒሳብ ነው፣ ቀብር ስንሄድ ታሪክ ነው። ሁሉም ደብተር ላይ ይመዘገባል።

በሽታው በኔ ላይ ይብሳል። አንድ ልጅ አንድ ነገር ሲወድ ካየሁ አለቀለት። ታድ ስምንት ዓመቱ ሳለ ከቤታችን ጀርባ የሚያልፈውን የዕቃ ባቡር ይወድ ነበር፤ አጥሩ ላይ ወጥቶ ፉርጎ ይቆጥራል። ደስ አለኝና የስምንት ሳምንት የባቡር ትምህርት አዘጋጀሁለት፦ ካርታ፣ የእንፋሎት ታሪክ፣ የፍጥነት ስሌት፣ መጨረሻ ላይ አምስት ገጽ ድርሰት። ዛሬ ባቡሩ ሲያፏጭ ታድ ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋል።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ኤሪ ሐይቅ ለሽርሽር ስንሄድ ለእያንዳንዳቸው ወፍ እየቆጠሩ የሚሞሉት ወረቀት ሰጠኋቸው። አሞስ ወረቀቱን እንደያዘ ውሃው ዳር ቆመና፣ «እማ፣ ዝም ብሎ መዋኘት ይቻላል?» አለኝ። ሳቅሁ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ እንደ ቀልድ አወራሁት።

ዘንድሮ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ሃቲ አታነብም።

ቤት በሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ ዘግይቶ የሚያነብ ልጅ ብርቅ አይደለም። ጓደኞቼ ሁሉ ጊዜዋን ጠብቂ፣ አትቸኩዪ ይሉኛል። ሰባት ዓመቷ ላይ ጠበቅሁ፣ ስምንት ላይ ጠበቅሁ። ዘጠኝን ስታልፍ ግን መስጋት ጀመርኩ። አማቴ ሎሬይን ደግሞ በከተማው ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ የአካባቢያችን ግማሹ ሰው ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያናድደኝ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆናቸው ነው።

በግንቦት አንድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጆቹ ውጭ ሳሉ፣ ሎሬይን ሳህን እያደራረቁ ያሰቡትን ነገሩን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሃቲ አንድ ገጽ ታነብላቸዋለች፤ ገጹን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ካነበበች ስለ ትምህርታችን ዳግመኛ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ካላነበበች ትምህርት ሲከፈት ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶብስ ላይ ትሳፈራለች። ልጅቷ እንዳትጨነቅ እስከዚያው አይነገራት አሉ። ድዋይት ወለል ወለሉን እያየ እናቴ እውነቷን ነው አለ። እኔም እሺ አልኩ። እምቢ ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ትምህርት ቤት ገሃነም አይደለም፤ እኔም ተምሬበታለሁ። ግን ሃቲን አውቶብሱ ላይ ማሳፈር ማለት የዓመታት ሥራዬ ከሸፈ ብሎ በአደባባይ ማወጅ ነው። ከዚያም በላይ ትናፍቀኛለች። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው፤ ዋናው እሱ ነው፤ ትናፍቀኛለች።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ለሃቲ ቀይ ቀለም መረጥኩላት። በየጠዋቱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ ግቢያችን ካለው የሜፕል ዛፍ ሥር፣ ንባብ። ሎሚናት በበረዶ አቀርባለሁ፣ ብርድ ልብስ አነጥፋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይቅለል? ሃቲ ግን በየገጹ አራት ቃል ብቻ ያላቸውን መጻሕፍት ገና ስታያቸው ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ጠዋት መጽሐፉን ትታ ብርድ ልብሱ ላይ የሚሄዱትን ጉንዳኖች አፍጥጣ ስታይ አየኋትና ጉንዳን ትወጃለሽ እንዴ አልኳት።

«አልወድም» አለችኝ ቶሎ ብላ።

ልጅቷ ከጉንዳኖቹ ላይ ዓይኗን ነቅላ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመረች። ያኔ እንኳ አልገባኝም። ጅል ነኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ በየበጋው ለልጆች የንባብ ወረቀት ያድላል፤ ሃያ ሰዓት ያነበበ ልጅ አይስክሬም በነጻ ይበላል። ታድ በሦስት ሳምንት ሞላው። አሞስ እንኳ የሚነበብለት ተቆጥሮለት ግማሽ ደርሷል። የሃቲ ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ባዶውን ተለጥፎ ቀረ፤ እኔም ወተት ለማውጣት በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። አይስክሬም የማትወድ ልጅ ብትሆን እንኳ ደግ ነበር። ትወዳለች።

ከሰዓት በኋላ ሃቲ ትጠፋለች። ማርጆሪ የምትባል ፍየል አለቻት፤ ነሐሴ ላይ ለሚደረገው የአካባቢያችን የእንስሳት ትርኢት እያዘጋጀቻት ነው። በረቱ የጓሮ ዕቃ ከምናስቀምጥበት ክፍል ጋር የተያያዘ ነው፤ አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ድዋይት ገና ፍየሏ ስትመጣ ይህን ነገር ለልጅቷ ተዪላት ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔም በስንት መከራ፣ እጄን እያሳከከኝ፣ ትቼዋለሁ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ከሰዓት ከባድ ዝናብ ጣለ። ዱባና ዱባ የሚመስል ነገር ሁሉ በአንዴ ደርሶ አፍኖኝ ስለነበር፣ ኮምጣጤ ውስጥ የማቆይበት የመስታወት ማሰሮ ላመጣ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሮጥኩ። ስድስቱን በደረቴ አቅፌ ልወጣ ስል ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ሰማሁ።

የሃቲ ድምፅ ነበር፤ ግን አነጋገሩ የሷ አይደለም። ሰኮናው ያለ ልክ ያደገ እንስሳ ክብደቱን ተረከዙ ላይ ስለሚጥል ጅማቱ ይጎዳል ይላል። ቀስ እያለ፣ አንዳንድ ቃል ላይ ተደናቅፎ እየተመለሰ። ከዚያ ገጽ ሲገለጥ ተሰማ፤ መጽሐፉን ከአነጋገሩ አወቅሁት። የድዋይት አባት ትተውት የሄዱት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ የእንስሳት ሕክምና መጽሐፍ ነበር። እኔ ራሴ ሁለት ገጽ ሳልጨርስ የማንቀላፋበት መጽሐፍ።

«እማ ብትሰማስ?» አለ አሞስ።

«ከሰማችማ ካርቶኑ ላይ ትጽፈዋለች» አለች ሃቲ። «ከዚያ በየቀኑ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ፍየል ይላል። ማርጆሪንም እንደ ታድ ባቡር ታደርግብኛለች።»

«እኔ አልናገርም። ታድም አይናገርም።»

«ታድማ የሚከብደኝን ቃል የሚነግረኝ እሱ አይደል?»

ማሰሮዎቹን አቅፌ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው። ጣውላውን ሰብሬ ገብቼ ልስማት ፈለግሁ። ከኋላው ደግሞ ሌላው መጣ። ልጄ ማንበቧን የምትደብቀው፣ ሌላ ልጅ ክብሪት እንደሚደብቀው፣ ከእናቷ ነው። ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ የአምስት ዓመቱ አሞስ እንኳ ምስጢር ጠባቂ ሆኗል፤ አስተማሪዋ እኔ ግን አላወቅሁም። ባዶው የአይስክሬም ወረቀት ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ ማሰሮ ከማሰሮ ሳይጋጭብኝ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ የሜፕሉ ዛፍ ሰዓት ቀርቷል አልኩ። ሦስቱም ማንኪያቸውን አቆሙ። ታድ ሐኪም ቤት ሄደሽ ነበር እንዴ አለኝ። ድዋይት ግንባሬን በመዳፉ ለካ። ሙቀት ስለሆነ ነው፣ ማንም ሰው ማረፍ አለበት አልኳቸው፤ ማንም አላመነኝም፤ ግን ማንም አልተከራከረኝም።

ለድዋይትም አልነገርኩትም። የሚያውቀውን ነገር ፊቱ ቀድሞት ይናገራል። ያን ስድስት ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንዴ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ፍየል የተጻፈ፣ ባለ ብዙ ሥዕል፣ የሚያምር መጽሐፍ አገኘሁ። ሦስት ጊዜ ከመደርደሪያው አወረድኩት፣ ሦስት ጊዜ መለስኩት። የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ የጠፋብሽ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማርጆሪ በትርኢቱ ሦስተኛ ወጣች፤ ዳኛው ሰኮናዋ በደንብ የተስተካከለ ነው ሲሉ ሃቲ እኔን አላየችኝም፣ እኔም ሌላ ቦታ አየሁ።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። የተጠበሰ ዶሮና የበቆሎ እሸት በልተን እንደጨረስን ሎሬይን ከቦርሳቸው አንድ የቆየ የንባብ መጽሐፍ አውጥተው ምልክት ያደረጉበትን ገጽ ገለጡ። ሃቲ ፊት አስቀመጡትና በዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ባለሰለሰው ድምፃቸው ነገሯት፦ ይህችን ገጽ ካነበብሽ እቤት ትማሪያለሽ፤ ካላነበብሽ አውቶብሱ ይመጣል፣ የክፍልሽ አስተማሪም ደግ ናት።

ሃቲ ገጹን አየችው። ከዚያ ማቀዝቀዣውን፣ እዚያ የተለጠፈውን የበጋ ፕሮግራም ካርቶን አየች። ከዚያ እኔን። አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ሁለቱንም እየመዘነች እንደሆነ ገባኝ፤ አንዱ አውቶብስ ነው፣ አንዱ እኔ ከነካርቶኔ ነኝ።

ድዋይት ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም መገላገል እችል ነበር። ታነባለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እንኳን ይህን የእንስሳት ሐኪም መጽሐፍ ታነባለች ብል ሎሬይን ያምኑኛል፤ ውሸት እንደማልችልበት ያውቃሉ። ልጄ እቤት ትቀርልኛለች። የሷ የሆነው ነገር ግን በሌሎች ፊት፣ በኔ አፍ፣ ይወሰድባታል።

«ካልፈለግሽ አታንብቢ» አልኳት። «አውቶብሱ ላይ ብትሳፈሪም ከሰዓት በኋላው ያንቺ ነው። በረቱም ያንቺ ነው። እዚያ ስለምታደርጊው ነገር አልጠይቅሽም።»

ሎሬይን ግራ ተጋብተው አዩኝ። ሃቲ ግን ግራ አልገባትም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ።

«ዝናብ ከጣለበት ቀን።»

ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ሳምንቶቹን ቆጠረች። «ካርቶኑ ላይ አልጻፍሽውም» አለች።

«አልጻፍኩትም።»

«ለአባዬም አልነገርሽውም?»

«ምኑን?» አለ ድዋይት፤ መልሱ ይኸው ነበር።

ሃቲ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበችና አነበበች። ማዕበል ስለወሰዳት ጀልባ ነበር። አንድ ቃል ላይ ተደናቀፈች፣ ተመለሰች፣ አስተካከለች፤ ከዚያ እስከ ታች ድረስ አልቆመችም። ድዋይት አፉን ከፍቶ ቀረ። አሞስ በኩራት ዙሪያውን ያያል፣ እሱ ያነበበ ይመስል። ሎሬይን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ መልሰው ሲያደርጉት ግን እጃቸው ውስጥ እርሳስ ነበር።

«ግሩም ነው፣ የኔ ልጅ» አሏት። «አሁን ደግሞ የታሪኩ ዋና ሐሳብ ምን እንደሆነ...»

«ሎሬይን፣ ይተዉት» አልኳቸው።

እሳቸውም እኔም ከኔ አፍ መውጣቱን ማመን አቃተን። እርሳሱን ቦርሳቸው ውስጥ መለሱትና ሻይ ካለ ልጠጣ አሉ።

ሃቲ ማርጆሪን ልታልብ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«እማ» አለችኝ፣ «ፍየል ላይኛው ድዷ ላይ የፊት ጥርስ እንደሌላት ታውቂያለሽ?»

ሃያ ፍየል ካለበት ቤት ነው ያደግሁት። «አላውቅም» አልኳት።

«ነይ ላሳይሽ» አለችኝ።