ሁለት ካሴትና ሁለት ስፒከር

አብዱልባሲጥ አዲሱን ቴፕ የገዛው ለቤት ጌጥ አልነበረም። አባቱ ከሞቱ ወዲህ በሰፈሩ መውሊድ መንዙማ የሚያወጣ ሰው ጠፍቶ፣ ሽማግሌዎቹ ዘንድሮ ተራው ያንተ ነው ብለውታል። «ድምፅህ ቁርጥ የአባትህን ነው» ይሉታል። ጨርቅ ነጋዴ ነውና ያልዳሰሰውን አያምንም። አባቱ ያወጡበት አንድ ካሴት አለ፤ እሱም የራሱን ቀድቷል። ሁለቱን በደህና መሣሪያ ሰምቶ፣ ለአባቱ ቦታ መብቃት አለመብቃቱን ሊቆርጥ ፈለገ። አሮጌው ቴፕ ደግሞ ካሴት መብላት ጀምሯል።

ማራኪ ግቢ አጠገብ ለተማሪዎች ቴፕ የሚጠግነው ዐብደላ፣ ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ከነማጉያው አምጥቶ ገጠመለት። ጎረቤት ተጠራ።

አዲስ ዕቃ የገባበት ቤት ሲኬድ የሚባለው የታወቀ ነው። ማሻአላህ ይባላል፣ ይመረቃል፣ ይበላል። እንከን ቢታይ እንኳ በዚያ ቀን የሚያነሳ የለም፤ ቢያነሳ ምቀኛ ነዋ! አብዱልባሲጥ ይህን እያወቀ ፍርድ የጠየቀው ከነዚሁ እንግዶች ነው። የአባቱን ካሴት አሰማ፣ ቀጥሎ የራሱን።

«ማሻአላህ! አባት የቱ፣ ልጅ የቱ?» አሉ የአባቱ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ሼህ ዐብዱልከሪም። ሚስቱ ፈህሚያም «ሸጋ ነው» አለች።

ደስ አለው፤ ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አባቱ መሃል ተቀምጠው ሲያወጡ ድቤው፣ ያ ትልቅ ከበሮ፣ ደረት ይመታ ነበር። በአዲሱ ቴፕ ድምፃቸው ከግድግዳው ይምጣ ከጣራው አይታወቅም፤ ድቤው ጣሳ ሆኗል። ዐብደላን አስጠርቶ ነገረው።

«ጋሼ፣ ጥራት ያለው ድምፅ እንዲህ ነው» አለ ዐብደላ። «ጆሮዎ አሮጌውን ለምዶ ነው እንጂ ምንም አልሆነም።»

እውነቱን ይሆናል ብሎ ተወው። በገዛ ጆሮው አፈረ።

መውሊዱ ሲቃረብ፣ ለምሳ በገባበት አንድ ቀን፣ የአባቱን ካሴት ከፍቶ አንዱን ስፒከር ነቀለ። ድቤው መጣ! መልሶ ሰካው፤ ጠፋ። ሌላውን ነቀለ፤ መጣ። ለየብቻቸው ደህና፣ አብረው ሲሆኑ ባዶ። ምነው፣ ባልና ሚስት ናቸው እንዴ? አለ ለራሱ። ጎንበስ ብሎ ጀርባቸውን አየ። በአንደኛው ቀዩ ሽቦ ቀዩ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፤ በሌላው ግን ቀዩ ሽቦ ጥቁሩ ውስጥ። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ፣ ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርስ ያጠፉት ኖሯል። ሽቦውን አቃናው።

አባቱ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ ባዶው ምንጣፍ ላይ ቁጭ አሉ። ድቤው ደረቱን መታው። አብዱልባሲጥ እንባው መጣ፤ ሰውም ስላልነበረ አልከለከለውም።

ከዚያ የራሱን ካሴት አስገባ። ብዙ ሳይሄድ ገባው። ድምፁ አያስቀይምም፤ ግን ቀጭን ነው፣ ከጉሮሮ አይወርድም። ያን ቀን ልጅን ከአባት ያመሳሰለው ሽቦው ነበር። የአባቱን ድምፅ አኮስሶ ነው እሱ ዘንድ ያደረሰው።

ቀና ሲል ፈህሚያ በሩ ላይ ቆማለች።

«ያን ቀን አንቺም ሰምተሽዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«የቴፑን ጉድለት ነው፣ የእኔን?»

የእሱን ካሴት አየች።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ሳይከፍት ሼህ ዐብዱልከሪም ዘንድ ሄደ። «አውጪ ሌላ ይፈለግ። እኔ ድቤውን ልያዝ» አላቸው። ሼሁ ለምን አላሉም። አልለመኑትምም። «አላህ ይባርክህ» ብለው ብቻ ትከሻውን ያዙት። እሳቸውም ሰምተው እንደነበር ያኔ አወቀ፤ ከሁሉም ይህ አመመው።

በመውሊዱ ሌላ ሰው አወጣ፣ አብዱልባሲጥ ድቤውን መታ። ሲያበቃ ሼህ ዐብዱልከሪም ጎንበስ ብለው፣ «ማሻአላህ! ድቤው ዛሬ እንዴት ያለ ነው!» አሉት።

«አዎ» አለ፣ «እኔም ሰምቼዋለሁ።»